ወደ ሩቅ የአቦርጂናል መንደሮች ለሥራ ለምትሄዱ አማርኛ ተናጋሪ የጤና ባለሙያዎች፦ ስለ ሕፃናት እድገት ክትትል የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በአውስትራሊያ ለምትኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ነርሶች፣ አዋላጆችና ሐኪሞች ነው። ከሁላችሁም ይልቅ በሐሳቤ ያላችሁት ከሜልበርን፣ ከፐርዝ ወይም ከአደላይድ ተነሥታችሁ ወደ ኖርዘርን ቴሪቶሪ፣ ወደ ደቡብ አውስትራሊያ በረሃማ ሰሜን ወይም ወደ ኪምበርሊ የጥቂት ሳምንታት ወይም የጥቂት ወራት ውል ይዛችሁ የምትሄዱት ናችሁ። ወደዚያ የሚወስደን ምክንያት የተለያየ ነው። ከአውስትራሊያ ውጭ የሠለጠነ ሐኪም በሜዲኬር የሚከፈል ሥራ ለመሥራት በአብዛኛው 10 ዓመት ያህል ሐኪም በሚያጥርበት አካባቢ ማገልገል ይጠበቅበታል፤ ነርሶችን ለሩቅ ቦታ የሚጨመረው ክፍያ ይስባቸዋል፤ አገሩን ለማየት ብለው የሚሄዱም አሉ። በዚህ ማንንም አልወቅስም። የምጽፍላችሁ እዚያ ስትደርሱ እጃችሁ ስለሚገባ አንድ ሥራ ነው፤ እርሱም ከልደት እስከ 5 ዓመት ያሉ ሕፃናትን እድገት መከታተል ነው።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልግለጽ። በእነዚህ ክሊኒኮች የእድገት ክትትል አብዛኛውን ጊዜ የሚሰናከለው ምርመራው ካለቀ በኋላ ነው። ልጁ ይታያል፣ ቅጹ ይሞላል፣ አንድ የሚያሳስብ ነገር በመዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ከዚያ የጻፈው ሰው ውሉ አልቆ ይሄዳል፣ ተተኪው ደግሞ ልጁን እንደ አዲስ ያየዋል። ስለዚህ የምለምናችሁ፣ ይህን ሥራ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው ባደገች፣ እዚያው በምትቀር የአቦርጂናል ጤና ባለሙያ እጅ እንዲሆን አድርጋችሁ እንድትሠሩት ነው። የእናንተ ድርሻ እርሷን ማገዝ ይሁን።

ጉዳዩ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያሳዩ ሁለት ዓይነት ቁጥሮችን ላንሣ፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። አውስትራሊያ ከ2009 ጀምሮ በየ3 ዓመቱ ትምህርት ቤት በገቡ ሕፃናት ላይ የእድገት ቆጠራ ታካሂዳለች። አስተማሪዎች እያንዳንዱን ልጅ በ5 ዘርፎች፣ ማለትም በአካል ጤንነት፣ በማኅበራዊ ግንኙነት፣ በስሜት ብስለት፣ በቋንቋና በዕውቀት፣ እንዲሁም በመግባባት ችሎታ ይመዝናሉ። በ2021 ከአቦርጂናልና ከቶረስ ስትሬት ደሴቶች ሕፃናት መካከል በ5ቱም ዘርፎች በሚጠበቀው መንገድ ላይ የነበሩት 34.3 በመቶ ሲሆኑ፣ በ2024 ደግሞ 33.9 በመቶ ሆነዋል። የአገሪቱ መንግሥታትና የአቦርጂናል ድርጅቶች ጥምረት በ2020 ያጸደቁት፣ በእነዚህ ሕዝቦችና በሌሎች አውስትራሊያውያን መካከል ያለውን ልዩነት ለማጥበብ የተገባው ብሔራዊ ስምምነት ግን ይህ ቁጥር በ2031 ወደ 55 በመቶ እንዲያድግ ግብ አስቀምጧል። ቆጠራው ለአገር ዕቅድ ይጠቅማል፤ ለአንድ ልጅ ግን እጅግ ዘግይቶ የሚመጣ ነው፤ ልጁ አስተማሪው ፊት በሚቆምበት ጊዜ የመስማትና የመናገር መሠረት የሚጣልባቸው ዓመታት አልፈዋል። ከዚህም በላይ በቤቱ ዋልፒሪ ወይም ዮልንጉ ማታ የተባሉትን የአቦርጂናል ቋንቋዎች ተናግሮ ያደገ ልጅ እንግሊዝኛ በሚነገርበት ክፍል ሲመዘን፣ ያለው ችሎታ ሁሉ በሚዛኑ ላይ አይወጣም። ስለዚህ ለአንድ ልጅ ሊደረስለት የሚቻለው በክሊኒኩ ነው፣ ክትባት ለመከተብና ለመመዘን በሚመጣባቸው በእነዚያ የመጀመሪያ ወራትና ዓመታት።

ሁለተኛው ቁጥር ስለ እኛ ስለ ሠራተኞቹ ነው። ከ2013 እስከ 2015 በኖርዘርን ቴሪቶሪ መንግሥት ሥር ባሉ 53 ሩቅ ክሊኒኮች ላይ የተሠራ ጥናት፣ የነርሶችና የአቦርጂናል ጤና ባለሙያዎች ከአንድ ክሊኒክ የመልቀቅ መጠን በአማካይ በዓመት 148 በመቶ መሆኑን አሳይቷል፤ ማለትም በአንድ ዓመት የሚለቁት ሰዎች ከሥራ ቦታዎቹ ቁጥር ይበልጡ ነበር። ሥራ ከጀመሩት ውስጥ ከ12 ወር በኋላ በዚያው ክሊኒክ የተገኙት 20 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር በአንድ ሕፃን ዕድሜ ላይ አስቀምጡት። በ6 ወሩ ያየችው ነርስ በ12 ወሩ የለችም፤ በ12 ወሩ ያየው ነርስ በ18 ወሩ የለም። እድገት ደግሞ በአንድ ቀን ዓይን የሚታይ ነገር አይደለም፤ ትናንት ዳዴ ይል የነበረ ልጅ ዛሬ ቆሞ መሄዱን፣ ወይም ትናንት ያወጣ የነበረውን ድምፅ ዛሬ መተዉን የሚያውቀው ሁለቱንም ጊዜ ያየው ሰው ብቻ ነው። ለዚህ ነው በብዙ መንደሮች የልጁን እድገት በትክክል የተከታተለችው አያቱ ሆና የምትገኘው። ክሊኒኩ ግን እርሷ የምታውቀውን አይጽፍም።

ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል፤ ብዙዎቻችሁ ስትደርሱ ታገኙታላችሁና። በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀውና በብዙ አገሮች የሚሠራበት ኤጅስ ኤንድ ስቴጅስ የተባለው መጠይቅ፣ በሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና በኖርዘርን ቴሪቶሪ የአቦርጂናል ባለሙያዎችና ማኅበረሰቦች ተሳትፎ ለሩቅ መንደሮች ተስተካክሎ ኤኤስኪው ትራክ የሚል ስም ተሰጥቶታል። ከ2 ወር እስከ 48 ወር በ7 የዕድሜ ነጥቦች ይሠራል። ዘርፎቹ መግባባት፣ የትልልቅ ጡንቻዎች እንቅስቃሴ፣ የእጅና የጣት ሥራ፣ ችግር መፍታት፣ ራስን መርዳትና ከሰው ጋር መኖር ናቸው። ዋናው መጠይቅ ወላጅ በወረቀት ላይ የሚሞላው ሲሆን፣ የተስተካከለው ግን ሥዕል እያሳዩ በጨዋታ የሚሠራ ውይይት ነው፤ ልጁም መሬት ላይ ተቀምጦ የሚችለውን ያሳያል። ውጤቱ ቤይሊ ከተባለው ዝርዝር ምርመራ ጋር ተነጻጽሮ ተፈትኗል። ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ሥልጠናውን ሳትወስዱ ቅጹን እንዳትነኩት ነው። ደረጃ የሌለው ቤት ውስጥ ያደገን ልጅ ደረጃ ይወጣል ወይ ብሎ መጠየቅ ስለ ልጁ እግር ምንም አይነግርም፤ የተስተካከለው መሣሪያ የተሠራው እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ልጁ በሚኖርበት ቦታ ትርጉም ባላቸው ጥያቄዎች እንዲተኩ ነው። ያልሠለጠነ ሰው ግን የተስተካከለውንም መጠይቅ ቢሆን እንደ ፈተና ያነበዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም ከሁሉ የበለጠ ሲበላሽ የማየው ይህ ነው። ውይይቱን መምራት ያለባት የአቦርጂናል ጤና ባለሙያዋ ናት። በኖርዘርን ቴሪቶሪ እነዚህ ባለሙያዎች ከ1985 ጀምሮ ተመዝግበው ይሠራሉ፤ ከ2012 ጀምሮም ሙያው በመላ አገሪቱ እንደ ነርስነትና ሕክምና የራሱ ብሔራዊ ምዝገባ አለው። አስተርጓሚዎቻችን አይደሉም፤ ባለሙያዎች ናቸው። ማን ስለ ልጁ የመናገር መብት እንዳለው የምታውቀው እርሷ ናት፤ በብዙ ማኅበረሰቦች የእናት እኅት ራሷ እንደ እናት ትቆጠራለች፣ ልጅም ከአንድ ቤት በላይ ያድጋል፤ አንዳንድ ዘመዳሞች ደግሞ በደንቡ መሠረት ፊት ለፊት መነጋገር የለባቸውም፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ራሱ ነውር ይሆናል። መንደሩ በሐዘን ላይ ሲሆን ለምርመራ ሰው መጥራት እንደማይገባም እርሷ ትነግራችኋለች። ባለሙያዋ በሌለችበት ቀን የአቦርጂናል አስተርጓሚ አገልግሎት አለ፤ በኖርዘርን ቴሪቶሪ ከ2000 ጀምሮ የሚሠራ ነው፤ በስልክም ቢሆን ጥሩት። ጥያቄ በጥያቄ ላይ እየደረባችሁ አትጠይቁ። ከጥያቄው በኋላ የሚመጣው ረጅም ዝምታ ማሰቢያ ነው፤ ብዙ ጊዜ እውነተኛው መልስ የሚመጣው ከዚያ ዝምታ በኋላ ነውና አትሙሉት።

ይህን ለእናንተ ማስረዳት ከባድ አይመስለኝም። ብዙዎቻችን በሜልበርን ልጆቻችንን ይዘን ወደ እናቶችና ሕፃናት ጤና ነርስ ሄደን ተመሳሳይ ጥያቄዎች ተጠይቀናል። ከእኛ እናቶች የመጀመሪያው መልስ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ «ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን»። ይህ መልስ ትሕትና ነው፣ ጸሎትም ነው፣ ልጅን ከክፉ ዓይን መጠበቂያም ነው፤ መረጃ ግን አይደለም። ወረቀቱ ላይ «ችግር የለም» ብሎ የሚጽፍ ነርስ እናቲቱን አልሰማትም። ልጁ በአማርኛ የሚላቸው ቃላት ሳይቆጠሩ በእንግሊዝኛ ብቻ «ቃላቱ ጥቂት ናቸው» ሲባል የሰማችሁም ትኖራላችሁ። የዋልፒሪ ወይም የፒቻንቻጃራ እናት በክሊኒክ የምትሰጠው የመጀመሪያ መልስም በገዛ ምክንያቷ እንዲሁ ዝግ ነው፤ የእርሷ ምክንያቶች ደግሞ ከእኛ የከበዱ ናቸው፣ ወደዚያ እመለሳለሁ።

አሁን ስለ ጆሮ። በመግባባት ዘርፍ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘ ልጅ ስታገኙ፣ ስለ አእምሮው ከማሰባችሁ በፊት ጆሮውን እዩ። በ2001 በ29 የኖርዘርን ቴሪቶሪ መንደሮች ከ6 እስከ 30 ወር ባሉ 709 ሕፃናት ላይ በተደረገ ቅኝት ከ100 ልጆች 91ዱ አንድ ዓይነት የመካከለኛ ጆሮ ሕመም ተገኝቶባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከጆሮ መግል የሚፈስባቸው ሕፃናት ከ4 በመቶ ካለፉ አስቸኳይ ምላሽ የሚሻ የኅብረተሰብ ጤና ችግር ነው ይላል፤ በብዙዎቹ መንደሮች ቁጥሩ ከዚያ በብዙ እጥፍ የላቀ ሆኖ ቆይቷል። ሕመሙ የሚጀምረው በሕይወት የመጀመሪያ ሳምንታትና ወራት ነው። ብዙ ሰው በጠባብ ቤት ሲኖር ጀርሞቹ ሕፃኑ አፍንጫ ውስጥ ቀድመው ይሰፍራሉ፣ ከዚያም ወደ ጆሮ ያልፋሉ። ከጆሮ ታምቡር በስተ ጀርባ የሚጠራቀመው ፈሳሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሕመምም ትኩሳትም አያመጣም፤ ልጁ አያለቅስም፣ እናቱም የምትናገረው ነገር የላትም። ድምፅ ግን ደብዝዞ ይደርሰዋል። የቃል መጀመሪያና መጨረሻ የሚለይባቸው ቀጫጭን ድምፆች ቀድመው ይጠፉበታል፤ እንዲህ ወራት ሲያልፉ መስማት የተሳነው ልጅ ያልገባው ልጅ ይመስላል፣ ትምህርት ቤት ሲገባ ደግሞ የማይታዘዝ ልጅ ይባላል። ስለዚህ ልጁ ለምንም ጉዳይ ይምጣ፣ ለክትባትም ይሁን ለቁስል፣ ሁለቱንም ጆሮዎቹን እዩ፤ የጆሮ ታምቡሩን እንቅስቃሴ የሚለካ መሣሪያ ካለ ተጠቀሙበት፤ የመስማት ምርመራ ቀጠሮ ያዙለት። መግል ያለበትን ጆሮ ማድረቅና ማጽዳት ለወራት የሚቀጥል አድካሚ ሥራ ነው፤ ቤተሰቡን ስታሳዩ በችኮላ አታሳዩ። በእኔ ግምት ከምትሠሩት ሁሉ ለአንድ ልጅ ንግግር ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ጥቂት ነው።

ሌሎቹን የአካል ጉዳዮች በአጭሩ ላልፋቸው፤ በሕክምና መመሪያው ተጽፈው ታገኟቸዋላችሁ። ደም ማነስ በእነዚህ ሕፃናት ላይ የተለመደ ነው፣ ከ6 ወር ጀምሮ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ይታያል፣ በብረት ይታከማል፤ የደከመ ልጅ የዘገየ ልጅ እንዳይመስላችሁ። ከጊዜው 3 ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ቀድሞ የተወለደ ሕፃን መጠይቁ በሚሠራበት ጊዜ እስከ 2 ዓመቱ ዕድሜው ይስተካከልለታል፤ ይህ ተረስቶ ስንት ቤተሰብ በከንቱ ተጨንቋል። ታሞ የመጣ ልጅ ደግሞ በዚያው ቀን ስለ እድገቱ አይመዘንም።

ወደ እናቶቹ ዝምታ ምክንያት ልመለስ። በአውስትራሊያ ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እስከ 1970 ገደማ የአቦርጂናል ልጆች በሕግ ተደግፎ ከቤተሰባቸው ተነጥቀዋል። በ1997 ለፓርላማ የቀረበው የብሔራዊ አጣሪ ኮሚሽን ሪፖርት በእነዚያ ዓመታት ከ10 ልጆች አንዱ እስከ ከ3 ልጆች አንዱ ድረስ ተወስደዋል ብሎ ገምቷል፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቪን ራድ በየካቲት 2008 በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠይቀዋል። ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ዛሬም በአገሪቱ ከወላጆቻቸው ተለይተው በመንግሥት ጥበቃ ሥር ከሚኖሩ ልጆች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት አቦርጂናልና የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ልጆች ናቸው፤ ከአገሪቱ ልጆች ሁሉ ግን ድርሻቸው 6 በመቶ ያህል ነው። በ2007 የፌዴራሉ መንግሥት በኖርዘርን ቴሪቶሪ መንደሮች ላይ የአስቸኳይ ጊዜ ጣልቃ ገብነት ሲያውጅ በመጀመሪያ ያስታወቀው ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሁሉ በግዴታ እንደሚመረመሩ ነበር። ግዴታው ወዲያው ቀርቶ ምርመራው በፈቃድ እንዲሆን ተደረገ፤ ነገር ግን ወታደሮች ከጎናቸው ሆነው የመጡ የሕክምና ቡድኖችን ያዩ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ለመሸሽ ማሰባቸው ማንንም ሊያስገርም አይገባም። ከውጭ የመጡት ሐኪሞች ብዙ የጆሮ፣ የጥርስና የመስማት ችግር አግኝተው ጻፉ፣ ከዚያም ሄዱ፤ ልጆቹ ለዓመታት ተራ ጠበቁ።

እንግዲህ አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ተቀምጣ እኛ ወረቀት ይዘን «ይህን ይችላል ወይ? ያንን ይችላል ወይ?» ስንላት የምትሰማው ስለ ጡንቻና ስለ ቃላት ብቻ አይደለም። «አይችልም» ብትል ማን እንደሚመጣ ታስባለች። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት በግልጽ ንገሯት፤ ይህ ልጁ የት እንደደረሰ አብረን ለማየት ነው፣ የሚጻፈው ምን እንደሆነና ማን እንደሚያነበው ይህ ነው፣ ማቆም ከፈለግሽ እናቆማለን። በኖርዘርን ቴሪቶሪ ሕግ ልጅ ጉዳት ደርሶበታል ብሎ ያመነ ማንኛውም ሰው የማሳወቅ ግዴታ እንዳለበት ታውቃላችሁ፤ ያን ግዴታ አክብሩ። የእድገት መዘግየት ግን ጉዳት ማድረስ አይደለም፤ ዘግይቶ መናገር የቸልተኝነት ማስረጃ አይደለም። ሁለቱን የሚያምታታ ባለሙያ አንድ ቤተሰብ ብቻ አይደለም ከክሊኒኩ የሚያርቀው፤ ወሬው በዘመድ ሁሉ ይዞራል፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጡትም ሁሉ ይከፍሉበታል።

ክትትል በሌላ መንገድም ተሠርቶ ያውቃል፤ ምሳሌውን ላስታውሳችሁ። በምዕራብ አውስትራሊያ በፊትዝሮይ ሸለቆ በ2007 የአካባቢው ሴቶች፣ ጁን ኦስካርና ኤሚሊ ካርተር ከመሪዎቹ መካከል ሆነው፣ የመጠጥ ሽያጭ እንዲገደብ ታግለው አስወሰኑ። ከዚያ በኋላ በእርግዝና ወቅት የተወሰደ መጠጥ በልጆቻቸው ላይ ያደረሰውን ለማወቅ ራሳቸው ወሰኑ፤ ተመራማሪዎችን የጠሩት እነርሱ ናቸው፣ ሥራው እንዴት እንደሚሠራም የወሰኑት እነርሱ ናቸው። ሊሊልዋን የተባለው ጥናት በ2010 እና በ2011 በ2002 እና በ2003 የተወለዱትን የሸለቆውን ልጆች በሐኪም፣ በንግግር ባለሙያ፣ በሥነ ልቦና ባለሙያና በሌሎችም አስመረመረ። የተገኘው ውጤት ከባድ ነበር፤ ከ5 ልጆች አንዱ ለሚሆኑት ከመጠጥ ጋር የተያያዘ የእድገት ችግር ተለይቶላቸዋል። እንዲህ ያለውን ዜና ማኅበረሰቡ ሊሸከመው የቻለው ጥያቄው የራሱ ስለነበረና ለተመረመሩት ልጆች የድጋፍ ዕቅድ አብሮ ስለተዘጋጀ ነው። ይኸው ውጤት በሌሎች እጅ፣ በሌሎች ጠያቂነት ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ስድብ ሆኖ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሁሉም መንደር እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ ሊያንቀሳቅስ አይችልም፤ የእናንተም ድርሻ ያን ያህል አይደለም። ነገር ግን «ካገኘን በኋላስ?» የሚለውን ጥያቄ ልጁን ከመመርመራችሁ በፊት መመለስ ትችላላችሁ። የሕፃናት ሐኪም ከዳርዊን፣ ከካትሪን ወይም ከአሊስ ስፕሪንግስ መቼ እንደሚመጣ፣ የንግግርና የእንቅስቃሴ ቴራፒስቶች በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚደርሱ፣ በዝናቡ ወራት መንገዱ ሲዘጋ ምን እንደሚደረግ በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁ። ሪፈራል ልኮ መጠበቅ ብቻውን ሕክምና አይደለም። በብዙ የኖርዘርን ቴሪቶሪ መንደሮች ትምህርት ቤት ውስጥ ከ5 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናትና ለወላጆቻቸው የሚካሄድ ቤተሰብን እንደ መጀመሪያ አስተማሪ የሚቆጥር የጨዋታና የትምህርት ፕሮግራም አለ፤ ሪፈራል አይፈልግም፣ ወረፋ የለውም፣ ከክሊኒኩ በእግር ይደረሳል። እዚያ የሚሠሩትን የመንደሩን ሴቶች ተዋወቋቸው፣ ቤተሰቡንም ይዛችሁ ሂዱ። በአቦርጂናል ማኅበረሰብ ራሱ የሚተዳደሩ የጤና ድርጅቶችም አሉ፤ የመጀመሪያው በ1971 በሲድኒ ሬድፈርን የተቋቋመ ሲሆን፣ በ1973 በአሊስ ስፕሪንግስ የተመሠረተው ኮንግረስ እናቶችን ከእርግዝና ጀምሮ ቤት ለቤት የሚጎበኝ የነርሶችና የአቦርጂናል ባለሙያዎች ፕሮግራምና ለሕፃናት የቅድመ ትምህርት አገልግሎት ገንብቷል። ምርጫ ካላችሁ ሥራችሁን እንዲህ ባለ ድርጅት ፈልጉ፤ ክትትሉን የሚቀጥል ሰው የማግኘት ዕድሉ እዚያ ይሰፋል።

ውል ስትፈርሙም ጥያቄ የማቅረብ አቅም አላችሁ፤ ድርጅቶቹ ሠራተኛ አጥተው ነው የሚጠሯችሁ። በዚህ ክሊኒክ የአቦርጂናል ጤና ባለሙያ አለች ወይ? ለሕፃናት ምርመራ የተመደበ ጊዜ አለ ወይ፣ ወይስ በድንገተኛ ሕሙማን መካከል የሚሰረቅ ነው? ለመጠይቁ ሥልጠና ትልኩኛላችሁ ወይ? ውሉ ካለቀ በኋላ ወደዚያው ክሊኒክ ተመልሼ መሥራት እችላለሁ ወይ? የመጨረሻውን በተለይ ጠይቁ። በዓመት 3 ጊዜ በ3 የተለያዩ መንደሮች ከመሥራት በአንዱ መንደር 3 ጊዜ መመለስ ይሻላል፤ ልጆቹ ያውቋችኋል፣ እናንተም ባለፈው ጊዜ ምን ይችሉ እንደነበር ታውቃላችሁ። ይህን የሚፈቅድ ውል የሚሰጡ አሠሪዎች አሉ፤ ብዙዎቻችን ስንጠይቅ ሌሎቹም ይሰጣሉ።

ከመሄዳችሁ በፊት ባለው የመጨረሻ ሳምንት ይህን አድርጉ። የሚያሳስባችሁን እያንዳንዱን ሕፃን ከአቦርጂናል ጤና ባለሙያዋ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንድ በአንድ አንሡ። በኮምፒዩተሩ መዝገብ ላይ፣ ኮሙኒኬርም ይሁን ሌላ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ቀን ያለው ሪኮል፣ ማለትም ልጁ ተመልሶ እንዲጠራ የሚያስታውስ ማሳሰቢያ፣ አስገቡ፤ «ክትትል ያስፈልገዋል» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ፣ ለተተኪው ምንም አይነግረውምና። ቤተሰቡ ራሱ ስለ ልጁ ያለውን በራሱ አነጋገር፣ ጆሮው በየትኛው ቀን እንዴት እንደታየ፣ የተላከው ሪፈራል ለማን እንደሆነና መልስ መምጣቱን፣ ቤተሰቡ የተስማማበትን ቀጣይ እርምጃ፣ ለልጁ ጉዳይ ማንን ማነጋገር እንደሚገባ፣ እናቱን ብቻ ሳይሆን አክስቱን ወይም አያቱን ጨምሮ፣ ጻፉ። ከዚያ ቤተሰቦቹን ራሳቸውን ሄዳችሁ እንደምትለቁና ከእናንተ በኋላ ልጁን ማን እንደሚከታተል ንገሯቸው፤ የምትጠሩት ስም በሚቀጥለው በረራ የሚመጣው ነርስ ስም ሳይሆን የእርሷ፣ የመንደሩ ባለሙያ ስም ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፤
አንዲት የሕፃናት ጤና ነርስ፣ ሜልበርን